ግማሽ ፍሬ

አባቴ ይሰፋል።
መኪናዋን ሸጠን ሦስት ክረምት አልፏል፣
መቀሱም ዝጓል፣ ሜትሩም ተበጥሷል፤
እሱ ግን ከደጁ በርጩማው ላይ ይውላል፣
እግሩ ይረግጣል የሌለ ፔዳል፣
ጥርሱ ይበጥሳል የማይታይ ክር፣
አውራ ጣቱ ከሌባ ጣቱ ጋር
ጫፍ ያድበለብላል፣ ቋጠሮ ሊቋጥር።

እኔማ መስሎኝ ነበር የተመለሰልኝ፣
ያ አጣናው፣ የአራዳው፣ ከበረንዳው ሆኖ በዓይኑ የሚለካኝ፣
"ሜትር ለማያውቅ ነው፤ ያንቺን ልክ አውቃለሁ" የሚለኝ።
ለአውቶ ፓርኮ ሴቶች አወራሁ፣ ፎከርኩ፤
"ሰው ስሙን ቢረሳ እጁ አይረሳም" አልኩ።

ከዚያ በፊት ያለውን ግን ለማን ላውራ?
ሌሊት፣ መቀስ ይዞ፣ ባዶ እግሩን፣ ቀሃ ዳር ከውሻ ጋራ
ስናገኘው፤ "ከግድግዳው ወጡ፣ ለከፈን ሊለኩኝ" ሲለን፣
ሽሮውን "መርዝ ነው" ብሎ ሲመልስልን፣
እኔን፣ ልጁን፣ "ማነሽ አንቺ?" ሲለኝ።
ጠበሉን ሞከርን፤ ሁለት ሱባዔ። አልሆነልኝ።
ከዚያ ነጯ ፍሬ መጣች፤ ስሟ ረጅም፣ ለምላስ አይመች፤
ጥሩ ነች፣ አልዋሽም፤ ድምፆቹን አባረረች።

ግን ሲወጡ እሱንም ትንሽ ትንሽ ይዘውት ወጡ፤
መጀመሪያ ሣቁ፣ ቀጥሎም ቁጣው፣ ማላገጡ።
ፊቱ ላይ የነበረው ያ ሁሉ እጥፋት
ተተኮሰ፤ እንደ ሙሽራ ሱሪ ልስልስ አለ፣ ሰው የሌለበት።
ከአልጋ እስከ በሩ፣ ያቺ የአምስት እርምጃ መንገድ
በጥቃቅን ስፌት ሆነች፤ ቆም፣ ዘመም፣ ደግሞ ራመድ።
ሁለቴ ወደቀ።
"እርጅና ነው" አልን፤ እርጅናን ማን ጠየቀ?

ሐኪሟ ልጅ ነች፤ ጋዋኗ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል።
ወረቀቱን ሳታይ አፉን አየችና "ምን ያኝካል
አባባ?" አለችኝ።
"ክር" አልኳት። ሣቄ አመለጠኝ።
አልሣቀችም። ክንዱን ይዛ አጠፈች፣ ዘረጋች፣
እንደ ዛገ ማጠፊያ ቀጭ ቀጭ ሲል አዳመጠች፤
"ሙያው አይደለም" አለች፣ "መድኃኒቱ ነው፤
ይኼ መጠን፣ እህቴ፣ ለጎረምሳ ነው የተሰፋው።
ግማሿን ስጪው። እግሩ ያርፍ ይሆናል፤
አፉን ግን እንጃ፤ እስከ መጨረሻው ሊያኝክ ይችላል።"

ለጎረምሳ የተሰፋ!
ስንቱን ጎንደሬ ሲያጠብ፣ ሲያሳጥር፣ ሲያሰፋ፣
የሟች አባት ኮት ለልጅ ሲያስተካክል ያደረ፣
እኔ ልኩን ሳልጠይቅ፣ ሁለት ዓመት በሰው ልክ ኖረ።

አሁን ማታ ማታ ሣጥኑን እከፍታለሁ፣
ስፌት መፍቻ ምላጩን አወጣለሁ፣
ነጯን ፍሬ መሃሏ ላይ እሰነጥቃለሁ።
ትንሽ ነች፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ታንሳለች፤
አንዳንዴ ትፈረፈራለች፤
ዱቄቷን በጣቴ ስለቅም
የኔም እጅ ይንቀጠቀጣል።

ሦስት ሳምንት ሆነን። እግሩ ፔዳሉን ለቀቀ።
ትናንት፣ በግራ ከንፈሩ ብቻ፣ ጠማማ ሣቅ ሣቀ።
ከሣቁ ጋር ግን አንድ ሰው መጣ፣ አንድ ብቻ፤
ባሻ ውበቱ፣ ሱሪውን ሳይወስድ የሞተ፣ በዘመቻ።
ሌሊት በሩን ያንኳኳል ይላል፤ ቁጣ የለውም፣ ጨዋ ነው፤
"ደረሰልኝ ወይ?" ነው የሚለው።
አባቴ ይጨነቃል፤ ቀብዱን በልቶበታል፤
በስሜ ይጠራኛል፤
"ዝናሽ፣ ምን ልበለው?"

ሐኪሟ "ድምፅ ከመጣበት ደውዪ" ብላኛለች።
ቁጥሯ ግድግዳው ላይ ነው። ገና አልደወልኩም።
ተነሥቼ በሩን እከፍታለሁ፤
ከአንገረብ በኩል ብርድ ይገባል፤
ለጨለማው፣
አባቴ ሠላሳ ዓመት ለደንበኛ ሲል እንደሰማሁት እላለሁ፦
"ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው፣ ባሻ፤
ነገ ይምጡ።"